ሳይጠፋ የሚደክም መብራት፤ ስለ ባቡርና ስለ መንገድ ምልክት

በፍርድ ቤት የጽሕፈት ሥራ ብዙ ዘመን የቆየን ሰዎች ሥራችን የምስክርን ቃል ሳንጨምር ሳንቀንስ መጻፍ ነው እንጂ በነገሩ መፍረድ አይደለም። ነገር ግን አንዳንድ ቃል በመዝገብ ከተጻፈ በኋላም ከጸሐፊው ልብ ሳይወጣ ይኖራል። ከጥቂት ዓመታት በፊት የጻፍነው የአንድ ባጃጅ ነጂና የአንዲት ባልቴት ቃል እንዲህ ያለ ነበረ፤ የሰዎቹንም፥ ነገሩ የተደረገበትንም ከተማ ስም በዚህ አናነሣም። አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ፥ መስቀለኛውን መንገድ በማቋረጥ ላይ ሳለች ባጃጁ ገጭቶ እግርዋን ሰበራት። ዳኛው ባልቴቲቱን «እርስዎ በዚያን ጊዜ መብራቱን አይተዋል ወይ?» ብለው በጠየቁ ጊዜ «አዎን ጌታዬ፤ ለባጃጁ ቀይ ነበረ፤ እኔም ልሻገር ከልጂቱ ኋላ ቆሜ ነበርሁ» ብለው መለሱ። ነጂውም በተራው «አረንጓዴው በርቶ አይቼ ነው የገባሁት፤ ውሸት ብናገር ልጄን ያሳጣኝ» ብሎ ማለ።

ሁለቱም ሲናገሩ ፊታቸው የሐሰተኛ ፊት አልነበረም። ጊዜው ከቀኑ 11 ሰዓት ከሩብ ገደማ ነበረ፤ ነጂውም ወደ ምሥራቅ ይሄድ ነበረ። ይህን ሰዓትና ይህን አቅጣጫ አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ይህ ገጽ የቤተ ሰብ ገጽ ነውና ስለ ኤሌክትሪክ ዕቃ መጻፋችን ለአንዳንድ አንባቢ እንግዳ ነገር ይመስለው ይሆናል። ነገር ግን ልጁን ወደ ትምህርት ቤት የሚሰድ ወላጅ ሁሉ መንገድ ላይ ሲደርስ የልጁን ነፍስ ለሦስት ትንንሽ መብራቶች አደራ ይሰጣል። አደራውን የሚቀበለው ምን ዓይነት ዕቃ እንደ ሆነ፥ መቼ እንደሚታመን፥ መቼም እንደሚያታልል ማወቅ የቤት ጉዳይ ነው እንጂ የመሐንዲስ ብቻ አይደለም። ከዚህ በታች የአገራችንን ነገር በኢትዮጵያ ዘመን፥ የውጭውን አገር ደግሞ በፈረንጆች ዘመን ቈጥረን እንጽፋለን።

ስለ ምልክት መብራት ለመናገር ከድሬዳዋ የሚሻል ስፍራ የለም፤ ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናትና። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር መንገድ እንዲሠራ ፈቃድ በሰጡት ጊዜ ሐዲዱ በሐረር በኩል እንዲያልፍ ታስቦ ነበረ። ዳሩ ግን የሐረርጌ ተራራ ለሐዲድ አስቸጋሪ፥ ወጪውም ከባድ ሆኖ ስለ ተገኘ መንገዱ በቆላው ዞረ። በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ ደቻቱ ከተባለው፥ ከክረምት በቀር ውኃ ከማያይ አሸዋማ ወንዝ አጠገብ ሲደርስ አዲስ ሐረር የተባለች ከተማ ተቆረቆረች፤ ኋላም ድሬዳዋ በሚለው ስምዋ ጸናች። ከዚራ በቀጥተኛ ጎዳናዋና በዛፎችዋ ጥላ፥ መጋላ በገበያዋና በጠባብ መንገድዋ ከወንዙ ወዲህና ወዲያ አደጉ። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ እስከዚያ ድረስ ግን ድሬዳዋ ብዙ ዓመት የባቡሩ ዋና ቤት ሆና ኖረች፤ የጥገናውም ፋብሪካ በዚያው ቀረ። ዛሬም በከዚራ የሚያልፍ ሰው የአሮጌውን ጣቢያ ፊት ሳያይ አይሄድም።

ባቡር ከሌላው ተሽከርካሪ የሚለይበት ዋናው ነገር መሪ የሌለው መሆኑ ነው። መኪና አደጋ ሲያይ ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ ይላል፤ በቅሎም ትዘላለች፤ ባቡር ግን ከሐዲዱ በቀር የሚሄድበት የለውም። ክብደቱም ብዙ ስለ ሆነ ፍሬን ከተያዘ በኋላ ብዙ መቶ ሜትር ሳይሄድ አይቆምም። በአንድ ሐዲድ ላይ ሁለት ባቡር ፊት ለፊት ቢመጣ ነጂዎቹ በተያዩ ጊዜ ነገሩ አልፏል። ስለዚህ ባቡር ነጂ የሚያየው አደጋውን ሳይሆን የአደጋውን ወሬ ነው፤ ወሬውንም የሚነግረው ምልክቱ ነው።

በ2009 ዓ.ም. መስከረም 25 ቀን በአዲስ አበባ የተመረቀው፥ በ2010 ዓ.ም. ታኅሣሥ 23 ቀን መደበኛ ሥራውን የጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡር ይህን ነገር ይልቁን አጠበቀው። የአሮጌው ሐዲድ ስፋት 1 ሜትር ነበረ፤ የአዲሱ ግን 1 ሜትር ከ435 ሚሊ ሜትር ነው፤ የድሬዳዋም አዲስ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ብሎ ተሠርቷል። መንገደኛ የሚይዘው ባቡር በሰዓት እስከ 120 ኪሎ ሜትር እንዲሄድ የታሰበ ነው። ይህም በአንድ ሴኮንድ 33 ሜትር ማለት ነው፤ ሰው «ወየው!» ብሎ እስኪጨርስ ባቡሩ ከአንድ ትልቅ ግቢ ጫፍ እስከ ጫፍ አልፎ ይሄዳል። ድሬዳዋን የሚያልፈውም መስመር ባለ አንድ ሐዲድ ስለ ሆነ የሚሄደውና የሚመጣው በየጣቢያው ተጠባብቀው መተላለፍ አለባቸው።

በመጀመሪያው ዘመን በሐዲድ አጠገብ የቆመ ዘበኛ ቀን በእጁና በባንዲራ፥ ሌሊት በፋኖስ ምልክት ይሰጥ ነበረ። በእንግሊዝ አገር በዚያን ዘመን ቀይ «ቁም»፥ አረንጓዴ «ተጠንቀቅ»፥ ነጭ ደግሞ «ሂድ» ማለት ነበረ። ይህ ሥርዓት ክፉ ጉድለት ነበረበት። ቀዩ መስተዋት ቢሰበር ፋኖሱ ነጭ ሆኖ ይታያልና «ቁም» ያለው ምልክት «ሂድ» ወደ ማለት ይለወጣል። ደግሞም ከተማዎች እየሰፉ የቤቱና የመንገዱ ነጭ መብራት በበዛ ጊዜ ነጂው የትኛው የምልክት፥ የትኛው የሰው መስኮት መብራት እንደ ሆነ መለየት አቃተው። ስለዚህ ነጩ ተሽሮ አረንጓዴ «ሂድ» ሆነ፤ ለመጠንቀቂያም ቢጫ ገባ። በ1876 ደግሞ አቦትስ ሪፕተን በተባለ ስፍራ በረዶ የምልክቱን ክንድ «ሂድ» በሚለው ላይ አድርቆ ስለ ያዘው ባቡሮች ተጋጭተው ከአሥር የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። ከዚያ ወዲህ የባቡር ሰዎች አንድ ሕግ አጸኑ፤ ይኸውም ምልክት ዘወትር በ«ቁም» ይኑር፥ ሲበላሽም ወደ «ቁም» ይበላሽ የሚል ነው።

የከተማ መንገድ መብራት ከባቡር የተወለደ መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። በ1868 በለንደን በፓርላማው አጠገብ የመጀመሪያውን የመንገድ ምልክት ያሳሰበው ጆን ፒክ ናይት የባቡር ሥራ አስተዳዳሪ ነበረ። ቀን ክንድ እየዘረጋ፥ ሌሊት በጋዝ የሚነድ ቀይና አረንጓዴ መብራት እያሳየ ቆመ፤ ነገር ግን ጥቂት ሳምንት ሳይቆይ በ1869 መጀመሪያ ጋዙ ፈንድቶ የሚጠብቀውን ፖሊስ አቈሰለው፤ ነገሩም ለብዙ ዘመን ቀረ። በኤሌክትሪክ የሚሠራው በአሜሪካ በክሊቭላንድ ከተማ የቆመው በ1914 ነው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ አሥር ዓመታት ምልክቱን ሲያበራ የኖረው ባለ ክር አምፖል ነው። ቀጭን የብረት ክር በኤሌክትሪክ ግሎ ሁሉንም ቀለም የያዘ ነጭ ብርሃን ይሰጣል፤ በፊቱም ያለው ቀይ መስተዋት ቀዩን ብቻ አሳልፎ የቀረውን ይከለክላል። አንድ ቁና ጤፍ አስፈጭቶ አንድ እፍኝ ብቻ እንደ መጋገር ነው። የተከፈለበት ኤሌክትሪክ አብዛኛው ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ለዓይን የሚደርሰው ጥቂት ነው። ያንን ጥቂት ለመሰብሰብ ከአምፖሉ በስተኋላ እንደ ጐድጓዳ ሳሕን የሆነ፥ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ብረት ይደረጋል።

የባጃጁ ነጂ ነገር ከዚህ ላይ ነው። ወደ ማታ ፀሐይ ዝቅ ብላ ከነጂው በስተጀርባ ስትሆን ጨረርዋ በቀጥታ በምልክቱ ፊት ያርፋል፤ በአረንጓዴው መስተዋት ገብቶ ከጐድጓዳው ሳሕን ላይ ነጥሮ እንደ ገና በአረንጓዴው መስተዋት ይወጣል። አምፖሉ ሳይበራ የበራ ይመስላል። ቀዩ በእውነት በርቶ ሳለ አረንጓዴውም በፀሐይ ነጸብራቅ ይበራል፤ ወደ ምሥራቅ የሚሄድ ሰው ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ የሚያየው እንዲህ ያለውን ነው። ባልቴቲቱ ከጐን ቆመው ስለ ነበረ ይህ ነጸብራቅ ለእርሳቸው አይታይም። በዚያ መንገድ የነበረውም መብራት የአሮጌው ዓይነት ነበረ። ይህን ስንል ነጂው ከበደል ነጻ ነው ማለታችን አይደለም፤ ሁለት መብራት አብሮ ሲበራ የሚያይ ሰው መቆም ይገባዋልና። ብቻ ሁለት ሰዎች በአንድ ሰዓት አንድ መብራት አይተው የተለያየ ነገር ቢናገሩ አንዱ የግድ ሐሰተኛ ነው ማለት እንዳይደለ ያን ጊዜ አላወቅንም ነበረ።

ኤል ኢ ዲ የሚባለው መብራት ክር የለውም፤ የሚግልም ነገር የለውም። ብርሃን የሚሰጠው ከሰናፍጭ ቅንጣት እምብዛም የማይበልጥ ሴሚኮንዳክተር የተባለ ጠጣር ነገር ነው። በዚህ ቅንጣት ውስጥ ሁለት ዓይነት ንጣፍ ተነባብሮ ይኖራል፤ ኤሌክትሪክ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር የተሸከመውን ኃይል በብርሃን መልክ ይጥለዋል። የብርሃኑም ቀለም ቅንጣቱ ከተሠራበት ነገር የሚመጣ ነው፤ ቀይ የሚሰጠው ቀይ ብቻ፥ አረንጓዴ የሚሰጠው አረንጓዴ ብቻ ይሰጣል። እንግዲህ ቀለሙ በመስተዋት ተጣርቶ የሚቀር አይደለም፤ ከቅንጣቱ ራሱ ይወለዳል፤ የሚባክንም ብርሃን ጥቂት ነው። ብዙ ቅንጣቶች በአንድ ገበታ ላይ ተሰድረው አንድ ምልክት ይሆናሉ፤ ጐድጓዳው ሳሕንም ስለማያስፈልግ ያ አታላይ ነጸብራቅ እጅግ ይቀንሳል።

ቀዩን ብርሃን በ1962 በአሜሪካ ያሳየው ኒክ ሆሎኒያክ ነው። ብርሃኑ ግን ደካማ ስለ ነበረ ለብዙ ዓመታት በሰዓትና በሒሳብ መኪና ላይ ከማብራት አላለፈም። ለምልክት የሚበቃ አረንጓዴ ጠፍቶ ቆየ፤ እርሱም የተገኘው ከሰማያዊው ጋር ነው። ጃፓናውያኑ ኢሳሙ አካሳኪና ሂሮሺ አማኖ፥ በሌላ ወገንም ሹጂ ናካሙራ ሌሎች ተስፋ ቈርጠው የተዉትን ነገር ይዘው ደከሙ፤ በ1993 ብርቱው ሰማያዊ መብራት ለዓለም ታየ፤ ሦስቱም በ2014 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ብርቱው አረንጓዴ ከዚያው ዘር ነው። በአንባቢ ሳሎን ተሰቅሎ የሚያበራው ነጭ ኤል ኢ ዲ አምፖልም ሰማያዊው ቅንጣት በቢጫ ዱቄት ተሸፍኖ ነጭ መስሎ የሚታይ ነው።

ስለ ቀለም ካነሣን ለእናቶች የሚጠቅም አንድ ነገር እንጨምር። ቀይንና አረንጓዴን አጥርቶ የማይለይ ዓይን አለ፤ ሰውዬውም ሌላው ሰው ሁሉ እንደ እርሱ የሚያይ ስለሚመስለው ብዙ ጊዜ ጉድለቱን ሳያውቅ ይኖራል። ይህ ጉድለት በዘር የሚወርድ ነው፤ እናት ራስዋ ደኅና እያየች ለወንድ ልጅዋ ታወርሰዋለች፤ ስለዚህም ከሴቶች ይልቅ በወንዶች ይበዛል። በሰሜን አውሮፓ ሕዝብ ከ100 ወንዶች 8 ያህሉ ይህ እንዳለባቸው ታውቋል። በ1875 በስዊድን አገር ላገርሉንዳ በተባለ ስፍራ ባቡሮች ከተጋጩ በኋላ ሆልምግሬን የተባለው ሊቅ የባቡር ሠራተኞችን ባለ ቀለም የሱፍ ፈትል እያስለየ ይፈትን ጀመር፤ በኋላም ጃፓናዊው ሐኪም ኢሺሃራ በቀለም ነጠብጣብ መካከል የተሰወረ ቍጥር የሚያስነብብ መፈተኛ አወጣ፤ ይህም እስከ ዛሬ በዓይን ሐኪሞች ዘንድ አለ። ልጃቸው ባቡር ነጂ ወይም ሾፌር ለመሆን የሚመኝ ወላጆች ገንዘብ አውጥተው ከማስተማራቸው በፊት ወደ ዓይን ሐኪም ቢወስዱት ኋላ ከሚመጣው ሐዘን ይድናሉ። የምልክቱ አረንጓዴ ወደ ሰማያዊ ዘንበል ያለ የሆነውም እንዲህ ያለው ዓይን ከቀዩ እንዲለየው ነው፤ ኤል ኢ ዲ ይህን ቀለም አጥርቶ ይሰጣል። በመንገድም ላይ ቀዩ ምንጊዜም ከላይ መሆኑን ለልጆች ማስተማር ይገባል።

ስለ ገንዘቡ ነገር ሹማምንትና የማዘጋጃ ቤት ሰዎች የሚወዱትን ሒሳብ በአጭሩ እንሥራ። አንድ መቶ ዋት የሚበላ ባለ ክር አምፖል ሌሊትና ቀን ዓመቱን ሙሉ ቢበራ 876 ኪሎዋት ሰዓት ይጨርሳል። በስፍራው የሚተካው ኤል ኢ ዲ ከ10 እስከ 15 ዋት ይበቃዋል፤ በ10 ዋት ብናስበው ከ88 ኪሎዋት ሰዓት አያልፍም። አሥራ ሁለት ምልክት ያለበት መስቀለኛ መንገድ በማናቸውም ጊዜ ከየምልክቱ አንድ መብራት ቢበራበት ቀድሞ 1,200 ዋት ይፈልግ የነበረው አሁን 120 ዋት ይበቃዋል ማለት ነው። ከቍጠባው ይልቅ የሚበልጠው ጥቅም ሌላ ነው። 1,200 ዋት በባትሪ ማቆየት ከባድ ነው፤ 120 ዋት ግን መካከለኛ ባትሪ ብዙ ሰዓት ያቆየዋል። ኤሌክትሪክ በሚቋረጥበት አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ድሬዳዋን የመሰለ ፀሐይ የማይጠፋበት ከተማ ደግሞ ባትሪውን ከፀሐይ ሊሞላ ይችላል። በአዲስ አበባ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ሥራ መንገዶች ሲታደሱ አዳዲስ የትራፊክ መብራቶች ተተክለዋል፤ ሌሎችም ከተሞች ያንኑ እየተከተሉ ነው። ብቻ ከተካዮቹ ብዙዎቹ ከተከሉ በኋላ ምን እንደሚደረግ ሲጠየቁ ዝም ይላሉ፤ ይህም ዝምታ ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ካስነሡን ምክንያቶች አንዱ ነው።

ምክንያቱም ይህ ነው። ባለ ክር አምፖል ሲሞት ድንገት ይሞታል፤ መብራቱ ጨለመ ተብሎ ይነገራል፤ ሰው ይላካል፤ ይለወጣል። ኤል ኢ ዲ ግን እንዲህ አይሞትም፤ እንደ ሽማግሌ ቀስ በቀስ ይደክማል። ሠሪዎቹ «ዕድሜው 50,000 ሰዓት ነው» ሲሉ፥ ይህም ያለ ማቋረጥ ቢበራ ከ5 ዓመት ተኩል በላይ ነው፤ በዚያ ጊዜ ይጠፋል ማለታቸው አይደለም፤ ከመጀመሪያው ብርሃኑ 70 በመቶ ብቻ ይቀረዋል ማለታቸው ነው። ከዚያም በኋላ ማብራቱን ይቀጥላል፤ ሌሊት ያየው ሰው ደኅና ነው ይላል። ዓይናችን ቀስ ብሎ የሚቀንሰውን ነገር አያስተውልምና በየቀኑ የሚያልፍበት ፖሊስ እንኳ አያውቀውም። ችግሩ የሚታወቀው ቀትር ላይ፥ ፀሐይ በምልክቱ ፊት ስትወድቅ ነው።

ድሬዳዋ ደግሞ በዚህ በኩል ለመብራቱ ምቹ አገር አይደለችም። ቅንጣቱ ሲሞቅ ብርሃኑ ይቀንሳል፥ ዕድሜውም ያጥራል፤ ከቀለሞቹም ሁሉ ሙቀት ይበልጥ የሚያደክመው ቢጫውንና ቀዩን ነው። አንባቢ ልብ ይበል፤ ፀሐይ ከሁሉ በሚበረታበት በቀትር፥ ብርቱ ቀይ ከሁሉ በሚያስፈልግበት ሰዓት፥ ቀዩ ከሁሉ ይልቅ የሚደክምበት ነው። ስለዚህ ለደጋ አገር የተሠራ መብራት ለቆላ ይበቃል ብሎ መግዛት አይገባም፤ ሙቀቱን የሚያስወጣ ጀርባ ያለው፥ በፊቱም የፀሐይ መከለያ ቆብ ያለው መሆኑ በውሉ ይጻፍ። የአሸዋውም አቧራ አለ። በብርድ አገር የአሮጌው አምፖል ሙቀት በምልክቱ ፊት የወደቀውን በረዶ ያቀልጠው ነበረ፤ አዲሱ ግን ቀዝቃዛ ስለ ሆነ በረዶው ሸፍኖት ተቸግረዋል። እኛ በረዶ የለብንም፤ አቧራን ግን ሙቅም ሆነ ቀዝቃዛ መብራት አያነሣውም፤ እርጥብ ጨርቅ የያዘ ሰው ብቻ ያነሣዋል።

የባቡር መሐንዲሶች ይህን የመድከም ነገር ቀድመው አስበውበታል። በባቡር ምልክት አምፖሉ መብራቱን ጣቢያው የሚያውቀው በሽቦው የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ በመለካት ነው፤ ካላለፈ አምፖሉ ሞቷል ማለት ነውና ወዲያው ይነገራል። ኤል ኢ ዲ የሚወስደው ኤሌክትሪክ ጥቂት ስለ ሆነ አሮጌው መለኪያ በርቶ ሳለ «ጠፍቷል» ይለዋል፤ በዚህ ምክንያት አዲሱን መብራት በአሮጌው ሥርዓት ላይ እንዲሁ መሰካት አይቻልም፤ መለኪያውም አብሮ መለወጥ አለበት። ከዚህም የሚደንቀው ሌላው ብልሃት ነው። ከቅንጣቶቹ ብዙዎቹ የሞቱበት ምልክት እየደከመ እንዲኖር አይተዉትም፤ መሣሪያው የቀሩትንም በፈቃዱ አጥፍቶ ራሱን ያጨልማል፤ ጣቢያውም ጨለማውን ያያል። ጨለማ ምልክት ደግሞ በባቡር ሕግ «ሂድ» አይባልም፤ ከምልክቱ ቃሎች ሁሉ የሚከብደውን፥ ይኸውም «ቁም»ን እንደ ተናገረ ይቈጠራል። የከተማ መንገዶቻችን መብራቶች ይህ ብልሃት ሊገዛላቸው ይችላል፤ ዋጋው ከአንድ ልጅ እግር አይበልጥም።

መብራት ሁሉን ያድናል ብለን ደግሞ አናታልል። በ1977 ዓ.ም. በጥር ወር በአዋሽ አጠገብ መንገደኛ የጫነ ባቡር በጠመዝማዛው ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ስለ ገባ ከሐዲዱ ወጥቶ ከ400 የሚበልጡ ሰዎች አለቁ። ያን ቀን የጎደለው የመብራት ቀለም አልነበረም፤ ፍጥነት ነው። በዘመናችን ባቡሮች ነጂው ምልክቱን ቢያልፍ ወይም ከተፈቀደው ፍጥነት በላይ ቢሄድ ፍሬኑን በራሱ የሚይዝ መሣሪያ የሚደረገው ስለዚህ ነው።

ለልጆች የሚነገረውንም አንርሳ። አሮጌው ሐዲድ በከተማው መካከል ስለሚያልፍ የድሬዳዋ ልጅ በሐዲድ ላይ ሚዛን እየጠበቀ መሄድን ከመራመድ ጋር ይማራል ቢባል ሐሰት አይሆንም፤ እኛም በልጅነታችን አድርገነዋል። ዳሩ ግን የእንፋሎቱና የናፍጣው ባቡር ከሩቅ ይጮህ ነበረ፤ የኤሌክትሪኩ ባቡር ከእነርሱ ይልቅ ድምፁ ዝቅ ያለ፥ ፍጥነቱም የበዛ ነው። ከበላዩ የተዘረጋው ሽቦ 25,000 ቮልት ይሸከማል፤ በዱላ ወይም በእርጥብ ነገር ሊነኩት ቀርቶ ሊጠጉትም አይገባም። ግመሎችና ከብቶች በዚያ መስመር ላይ ብዙ ጊዜ ተገጭተዋል፤ እረኛ የሚልክ ቤት ሁሉ ይህን ለእረኛው ይንገር። ለባቡሩ የተተከለው አረንጓዴ መብራት ለባቡሩ የተነገረ ነው እንጂ ለእግረኛው አይደለም፤ ልጅ አረንጓዴ አይቶ በሐዲድ ላይ ቢገባ ባቡሩ ይመጣል ማለት እንደ ሆነ ተገልብጦ ይነገረው። በመኪናውም መንገድ መብራቱ ጨልሞ ቢያገኝ «መብራት የለም፥ ልለፍ» እንዳይል፥ ቁሞ ግራና ቀኝ እንዲያይ፥ በዚያም ፖሊስ ቢኖር የፖሊሱን እጅ እንዲጠብቅ ይማር።

ማዘጋጃ ቤቶች ደግሞ መብራት በተከሉበት ቀን የተከሉበትን ቀን በምሰሶው ላይ ቢጽፉ፥ በየዓመቱም በቀትር፥ ሌሊት ሳይሆን፥ ብርሃኑን በመለኪያ የሚለካ፥ ፊቱንም በጨርቅ የሚያብስ አንድ ሰው በስሙ ቢሾሙ ወጪው የአንድ ዘበኛ ደመወዝ ነው። ሰውዬው በስሙ ይሾም ያልንበት ምክንያት አለን። ጉዳዩ ለክፍል ተሰጥቷል ሲባል ክፍሉ አይወጣም፥ መሰላልም አይይዝም።

ያቺ ልጅ እግርዋ ድኖ ወደ ትምህርት ቤትዋ ተመልሳለች፤ በጥቂቱ ታነክሳለች። ከዚያ ወዲህ በመዝገባችን ምስክር «አረንጓዴ ነበረ» ባለ ጊዜ ከቃሉ አጠገብ ጥቂት ባዶ ስፍራ እንተዋለን፤ ዳኛው ሰዓቱን፥ ነጂው ወዴት አቅጣጫ ይሄድ እንደ ነበረ፥ መብራቱም የትኛው ዓይነት እንደ ሆነ ሲጠይቁ በዚያ ስፍራ ይጻፋል።